ጆ ባውማን፦ 72 ሆም ራን እና አንድ ነዳጅ ማደያ

በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ቤዝቦል በአንድ የውድድር ዘመን 70 ሆም ራን የመታው የመጀመሪያ ሰው ጆ ባውማን ይባላል። ስሙን ሰምታችሁት ካላወቃችሁ አይግረማችሁ። ቤዝቦል እያዩ ያደጉ ብዙ አሜሪካውያንም አያውቁትም። ዓመቱ 1954 ነው፤ ቦታው ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለችው የሮዝዌል ከተማ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ባውማን በዚያ ዓመት ያቆመው 72 ላይ ነው። በየትኛውም የፕሮፌሽናል ሊግ ያንን ቁጥር የሚያልፍ ሰው እስኪገኝ 47 ዓመት ፈጀ።

ይህ ሰው በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ኑሮው የሁለት ሥራ ኑሮ ነበር። ነዳጅ ማደያ ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ሜዳ ይወርዳል።

ስለ እሱ መጀመሪያ የሰማሁት እኔም ዳላስ ውስጥ በአንድ ነዳጅ ማደያ የሌሊት ፈረቃ ስሠራ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ቡና ሊገዙ የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩ። በምዕራብ ቴክሳስ ነው ያደጉት። ወሬያቸው ሁሉ ቤዝቦል ነው። እኔ ያኔ ጨዋታው ምኑም አይገባኝም ነበር፤ ግን ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ሰውዬውም ጥሩ ሰው ናቸው፣ አዳምጣቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ባውማንን አነሱና «አንተ የምትሠራውን ሥራ እየሠራ ነው ያን ሁሉ የመታው» አሉኝ። ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ። አሜሪካ ውስጥ በነዳጅ ማደያና በፓርኪንግ ስንት መምህር፣ ስንት የሂሳብ ሠራተኛ፣ ስንት ኳስ ተጫዋች እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ሰው ቤንዚን እየቀዳ የሀገሩን ሪከርድ ሰበረ ሲባል ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አልሆነልኝም።

ለማታውቁት ትንሽ ላብራራ። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። ኳሱ ከሜዳው አጥር በላይ ካለፈ ሆም ራን ነው፤ መቺው ሜዳውን ዞሮ ይመለሳል፣ ነጥብ ይቆጠራል። በጨዋታው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምት የለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት የሊጎቹ አሠራር ነው። በ1954 ዋናው ሊግ 16 ቡድን ብቻ ነበረው። ከሁሉም ወደ ምዕራብ የራቀው ቡድን ሴንት ሉዊስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋናውን ሊግ የሚያውቀው በሬዲዮና በጋዜጣ ነው። ያንን ክፍተት የሞሉት ማይነር ሊግ የሚባሉት ናቸው። በደረጃ ይከፋፈላሉ፤ ላይኞቹ ሶስት ኤ፣ ሁለት ኤ እየተባሉ ይወርዱና ቢ፣ ሲ፣ ዲ ይደርሳሉ። በ1949 እንዲህ ያሉ 59 ሊጎች ነበሩ። በዚያ ዓመት ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ገብቶላቸዋል።

በኛ እግር ኳስ አንድ ቡድን ከከፍተኛ ሊግ አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ይገባል። እዚህ እንዲያ የለም። ሮዝዌል መቶ ዓመት ብታሸንፍም ዋናው ሊግ አትገባም። ቡድኑ ባለበት ይቀመጣል፤ የሚወጣው ሰው ነው። እሱም የሚወጣው ተሽጦ ነው። ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከፈረመ ውሉ የቡድኑ ንብረት ይሆናል። ዓመቱ ቢያልቅም ቡድኑ ካልለቀቀው ሌላ ጋ ሄዶ መደራደር አይችልም። ይህ ሕግ እስከ 1975 ድረስ አልተሰበረም። ደሞዝህን ቀንሰናል ከተባለ ተጫዋቹ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ መቀበል፣ ወይም ጨዋታውን መተው። የባውማን ሕይወት የሚገባችሁ ይህን ከያዛችሁ ነው።

በ1922 ኦክላሆማ ውስጥ ዌልች በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ያደገው ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ96፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ። ግራኝ ነው፤ ቦታው ፈርስት ቤዝ፣ መቺው መትቶ ሲሮጥ መጀመሪያ የሚደርስበትን ማዕዘን የሚጠብቅ። በ1941፣ በ19 ዓመቱ፣ አርካንሳስ ውስጥ ታችኛው ሊግ ገባ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ባሕር ኃይል ገባና የሃያዎቹ ዕድሜው የመጀመሪያ ዓመታት እዚያ አለቁ። የዚያ ትውልድ ተጫዋቾች ሁሉ ታሪክ ነው ይህ፤ አንድ ልጅ ጉልበቱ በሚጠነክርበት፣ ዓይኑ በሚሰላበት ጊዜ አራት ዓመት ይጎድላል። የጎደለውን ማንም አይመልስለትም።

በ1946 ተመልሶ አማሪሎ፣ ቴክሳስ ገባ። 48 ሆም ራን መታ። በሚቀጥለው ዓመት 38። ይህ ቀልድ አይደለም። በዋናው ሊግ ውስጥ ያለው ቦስተን ብሬቭስ ውሉን ገዛው። በ1948 ሚልዋኪ ወዳለው ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው ቡድናቸው ላኩት። እዚያ አንዴ ብቻ ዱላ ይዞ ቆመ። ከዚያ ሀርትፎርድ፣ ኮነቲከት ወዳለው ሌላ ቡድን አወረዱት። ሀርትፎርድ ላይ 10 ሆም ራን ብቻ ነው የመታው። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ዕድል ፈጽሞ አልተሰጠውም ማለት አይቻልም። ተሰጠው፤ አልተሳካለትም። በዚያ ላይ ቦስተን ኧርል ቶርጌሰን የሚባል ከባውማን ሁለት ዓመት የሚያንስ ፈርስት ቤዝ ነበረው። ቡድኑም በዚያው ዓመት ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የናሽናል ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። የሚያሸንፍ ቡድን ሰው ለመለወጥ አይቸኩልም።

ዓመቱ ሲያልቅ ደሞዝህን ቀንሰን እንቀጥል አሉት። እሱም በዚህ ደሞዝ ከምጫወት ኦክላሆማ ሲቲ መንገድ ዳር ቆሜ የጫማ ክር ብሸጥ ይሻለኛል ብሎ መለሰላቸው። ይህ መልሱ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ አብሮት ኖሯል። የጻፉለት ሁሉ ጠቅሰውታል፤ አብዛኞቹ እንደ ቀልድ። እኔ ግን ቀልድ ሆኖ አይታየኝም። ሰውዬው ሂሳብ ሠርቷል። ሚስት አለችው፣ 26 ዓመቱ ነው፣ የሕጉን አሠራር ያውቃል። ሌላ ቡድን ሄዶ የተሻለ ስጡኝ ማለት አይችልም። የቀረው በር አንድ ነው፤ እሱን ከፍቶ ወጣ።

የወጣው ወደ ኤልክ ሲቲ ነው። ምዕራብ ኦክላሆማ፣ በታዋቂው ሩት 66 መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፕሮፌሽናሉ ሊግ ውጭ የሆነ፣ የከተማው ነጋዴዎች የሚደግፉት ጠንካራ ቡድን ነበራት። ባውማን እየተጫወተ ነዳጅ ማደያ ከፈተ። ሶስት ዓመት እንዲህ ኖረ። የሚገርመኝ፣ አንድ ተጫዋች በጉልበቱ ጫፍ ላይ የሚሆንባቸው ዓመታት እነዚህ ናቸው። ከ27 እስከ 29። በይፋዊው መዝገብ ላይ ለእነዚህ ዓመታት አንድም ቁጥር የለም። ባዶ ነው። ግን እሱ ያኔ ሠርቷል፣ ተጫውቷል፣ በደንብ ኖሯል።

በ1952 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለችው የአርቴሲያ ቡድን ፈለገው። ሊጉ ሎንግሆርን ሊግ ይባላል፤ ደረጃው ሲ፣ ከታች ሁለተኛው። ተመለሰ። 50 ሆም ራን መታ። በ1953 ደግሞ 53። ከዚያ ሮዝዌል ላይ የራሱን ነዳጅ ማደያ መክፈት ፈለገ። ስለዚህ ከአርቴሲያ ጋር የነበረውን ውል ራሱ ከፍሎ ገዛና ሮዝዌል ገባ። እስቲ አስቡት። ተጫዋች እንደ ዕቃ በሚሸጥበት ዘመን ራሱን በራሱ ገንዘብ የገዛ ሰው ነው። ቡድን የመረጠው ለሻምፒዮንነት ወይም ለዝና አይደለም። ማደያው ያለበት ከተማ ስለሆነ ነው።

ሮዝዌልን ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በ1947 ከሰማይ ወደቀ በተባለው ነገር ነው። የመንገድ መብራቶቿ ሳይቀሩ የባዕድ ፍጡር ዓይን ተስሎባቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ሮበርት ጎዳርድ የሚባለው ሳይንቲስት በ1930ዎቹ ሮኬቶቹን የሞከረው እዚያው ነው። የቤዝቦል ቡድኑም ሮዝዌል ሮኬትስ ነበር የሚባለው።

1954 እንግዲህ። ባውማን 32 ዓመቱ ነው። በ138 ጨዋታ 498 የመምታት ሙከራ ተቆጠረለት፣ 199ኙን አሳካ። ከአሥር ሙከራ አራቱን ማለት ነው። ቤዝቦል ውስጥ ከአሥር ሶስት ያሳካ ጎበዝ ይባላል። 224 ነጥብ በእሱ ምት ገባ። 150 ጊዜ ወርዋሪዎቹ ኳሱን እያራቁበት ሳይመታ በነጻ እንዲያልፍ ሆነ። ካሳካቸው 199 ምቶች ውስጥ 72ቱ ሆም ራን ናቸው።

ሊጉ ምን ዓይነት እንደነበር ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። ሮዝዌል ከባሕር ጠለል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ናት። አየሩ ደረቅና ስስ ስለሆነ ኳስ ይበራል። ወርዋሪዎቹም አብዛኞቹ ገና ጀማሪዎች፣ ወይም ክንዳቸው የደከመ ነበሩ። በዚያ አካባቢ ብዙ ሆም ራን መምታት አዲስ ነገር አይደለም፤ ቦብ ክሩስ በ1948 አማሪሎ ላይ 69 መትቷል። ከእሱ በፊት በ1933 ጆ ሃውዘር ሚኒያፖሊስ ላይ ያንኑ 69 መትቶ ነበር። ይህን እያነሱ የባውማንን ሪከርድ የሚያጣጥሉ አሉ። ሁሉም ግን ያንኑ አየር ነው የተነፈሰው። ያንኑ ወርዋሪ ነው የገጠመው። በዚያ ሊግ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም 72 የመታ አልነበረም።

የሚወደድ ልማድም ነበራቸው። ባውማን ሆም ራን መትቶ ሜዳውን ዞሮ ሲመለስ ተመልካቹ ከፊት ለፊቱ ባለው የሽቦ አጥር ቀዳዳዎች የዶላር ኖት ያሾልክለታል። እሱ በአጥሩ እየሄደ ይሰበስባል። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣብኝ አዝማሪ ቤት ነው፤ ግጥሙ ልብ ሲነካ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ብር እንደሚለጥፈው። ሰጪው አይዋረድም፣ ተቀባዩም አያፍርም። የከተማው ነጋዴዎችም የተዘጋጀ ሥጋና ሌላም ሌላም ዕቃ ይሸልሙ ነበር። በትልቅ ምሽት ከአጥሩ የሚገኘው ገንዘብ ከደሞዙ ጋር ሲደመር ጥሩ ይሆናል። ሰውዬው በዚያ ከተማ የሚወደድ ሰው ነበር፤ ፍቅሩም በእጅ የሚጨበጥ ነበር። ጠዋት ነዳጅ የቀዳለት ሰው ማታ አጥሩ ጋ ቆሞ ያጨበጭብለታል።

የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረው 64 ላይ ነበር። አይደርስም ተብሎ ነበር። በኦገስት መጨረሻ ስዊትዋተር ከተባለው ቡድን ጋር በአንድ ጨዋታ አራት መታና 68 ገባ። ከዚያ 69 ሆኖ ከክሩስና ከሃውዘር ጋር እኩል ሆነ። ቀጥሎ ዱላው ዝም አለ። መጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 5 ነው፤ አርቴሲያ ላይ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ አለ። አርቴሲያ የድሮ ቡድኑ ናት፤ ከሮዝዌል በስተደቡብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ዕድል እንዲያገኝ ከቡድኑ ቀድሞ እንዲመታ ተደረገ። የጨዋታው የመጀመሪያ መቺ እሱ ሆነ፤ ገና በመጀመሪያው ዕድሉ 70ኛውን ከአጥሩ በላይ ሰደደው። በሁለተኛው ጨዋታ ሁለት ጨመረ። 72።

70ኛውን የወረወረለት ሆሴ ጋያርዶ የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ኩባዊ ነው። ስለ እሱ ብዙ አስባለሁ። በዚያ ዘመን ከኩባ ብዙ ልጆች ወደነዚህ የበረሃ ከተሞች ይመጡ ነበር። ቋንቋው አያግዛቸውም፣ ምግቡ ሌላ፣ መንገዱ ረጅም፣ ሙቀቱ ሌላ ዓይነት። ከቤቱ ርቆ ሠርቶ ለማደር የመጣ ልጅ ስሙ የተመዘገበው በሌላ ሰው ሪከርድ ውስጥ ነው። ያም ቢሆን ኳሱን አላራቀም፤ ወረወረለት። በነጻ አሳልፎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ ባልኖረ ነበር፤ ግን እሱ ያንን ሂሳብ የሚያሰላበት ጊዜም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሊግ ጠራው? አልጠራውም። 32 ዓመት የሞላው፣ በሲ ደረጃ የሚጫወት ፈርስት ቤዝ ማን ይጠራል። እሱም ተነስቶ አልሄደም። በ1955 46 መታ። በ1956 ጥቂት ተጫውቶ፣ 17 መትቶ፣ አቆመ። የዘጠኝ የውድድር ዘመኑ ድምር 337 ሆም ራን ነው። የመምታት አማካዩም 0.337። እንዲህ ያለ መገጣጠም ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሊጉ ራሱም አብሮት ሞተ ማለት ይቻላል። ሎንግሆርን ሊግ በዚያ ስሙ የኖረው እስከ 1955 ነው። ቴሌቪዥን እየገባ ነበር፤ ዋናው ሊግ ሳሎን ድረስ መጣ። ቤቶች የአየር ማቀዝቀዣ አስገቡ፤ ለንፋስ ብሎ ማታ ሜዳ የሚወጣው ሰው ቤቱ ቀረ። ከ59ኙ ሊጎች በአሥር ዓመት ውስጥ የቀሩት 20 አካባቢ ብቻ ናቸው። ይህን ሳነብ ያሳዝነኛል። እነዚያ ከተሞች ያጡት ማታ ማታ የሚገናኙበትን ቦታ ነው።

እስካሁን ስለ ባውማን የጻፍኩት በደስታ ነው። ግን እሱን ብቻ አንስቶ ማለፍ ሙሉ እውነት አይሆንም። በዚያው ዘመን በማይነር ሊግ ሌላ ሰው ነበረ፤ ሬይ ዳንድሪጅ። ጥቁር ነው። ቆዳው ጥቁር ስለሆነ እስከ 1946 ድረስ ዋናው ሊግም ማይነር ሊጎቹም ዝግ ነበሩበት። ጥቁሮች ለብቻቸው በሚጫወቱበት በኔግሮ ሊግና በሜክሲኮ ዕድሜውን ጨረሰ። በ1949 በዋናው ሊግ ያሉት የኒው ዮርክ ጃያንትስ ለሚኒያፖሊስ ቡድናቸው አስፈረሙት፤ ዕድሜው 35 አልፎ ነበር። በ1950 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ሚኒያፖሊስ ከዋናው ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። በ1951 ጸደይ አብሮት የሚጫወተውን የ20 ዓመቱን ዊሊ ሜይስን ወደ ላይ ወሰዱት። ዳንድሪጅን ተዉት። አንድም ቀን አልጠሩትም።

ዳንድሪጅ በኋላ ዘመን ይህን ሲያነሳ ሆዱ ይባባ ነበር። የፈለገው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ዋናው ሊግ ሜዳ ላይ እግሩን ማሳረፍ። በ1987 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ ውስጥ አስገቡት። ዕድሜው 73 ነበር።

ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ «ዋናው ሊግ ደረሰ አልደረሰም» የሚለው ጥያቄ ትርጉም ያጣብኛል። ሁለቱም አልደረሱም። ባውማን ግን በሩን ራሱ ዘግቶ ወጣ። ዳንድሪጅ በሩ ፊት ቆሞ አንኳኳ። ባውማን ነጭ ስለነበር ነው «የጫማ ክር ብሸጥ ይሻለኛል» ለማለት አቅም ያገኘው፤ ሌላ የሚሄድበት ሜዳ፣ የሚከፍትበት ሱቅ፣ የሚያጨበጭብለት ከተማ ነበረው። ይህ የእሱን አያሳንስም። ግን አንድ ሰው ታች ቀረ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ውሳኔው የማን ነበር የሚለው ነው። እኛ ስደተኞች ይህን ጥያቄ ስለ ራሳችን ብዙ ጊዜ ሳንጠይቅ እናልፋለን። የማውቃቸው ሰዎች አሉ፤ በትምህርታቸው የሚሠሩበት ዕድል መጥቶ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ያስለመዱትን ኑሮ መርጠው የቀሩ። ሌሎችም አሉ፤ ወረቀታቸውን ይዘው ዓመታት ደጅ ጠንተው በሩ ያልተከፈተላቸው። ሠርግ ላይ ስንገናኝ ሁለቱን በአንድ ዓይን ነው የምናየው። «እሱማ እዚያው ቀረ» እንላለን። ይህ ልክ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ሊከበርለት ይገባል፤ ሁለተኛው ግን ተበድሏል።

ባውማን ከጨዋታ በኋላ ሮዝዌል ቀረ። ማደያውን ያዘ፤ በኋላም የቢራ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሠራ። ከሚስቱ ጋር ከ50 ዓመት በላይ ኖረ። ስልኩ እንደገና መጮህ የጀመረው በ1998 በዋናው ሊግ ማርክ ማግዋየር 70 ሲገባ ነው፤ በ2001 ባሪ ቦንድስ 73 ሲመታ ደግሞ ጋዜጠኞች ሁሉ ጠየቁት። በእርጋታ መለሰላቸው። የነዚያን የሁለቱን ሪከርድ የጡንቻ ማጎልበቻ መድኃኒት ጥያቄ እስከ ዛሬ ይከተለዋል። የባውማንን 72 ግን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ከ2002 ጀምሮ በማይነር ሊጎች በዓመቱ ብዙ ሆም ራን የመታ ተጫዋች በባውማን ስም ይሸለማል። ለእያንዳንዱ ሆም ራን 200 ዶላር። በ2004 ያሸነፈው ራያን ሃዋርድ ነው፤ እሱ ወጥቶ በዋናው ሊግ ትልቅ ስም አገኘ። በ2005 ሮዝዌል ስታዲየሙን በባውማን ስም ሰየመች። በዚያው ሥነ ሥርዓት ላይ ወድቆ ተጎዳ፤ በሚቀጥለው ወር፣ በሴፕቴምበር፣ በ83 ዓመቱ አረፈ።

ልጄ ቤዝቦል መጫወት ሲጀምር እኔም ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ጨዋታውን ተማርኩ። ያኔ ነው የአዛውንቱ ወሬ ተመልሶ የመጣብኝ። አንድ ጊዜ እኔና እሱ ከዳላስ ወደ ምዕራብ በመኪና ወጣን። መንገዱ የድሮው ሊግ መንገድ ነው ለማለት ይቻላል፦ ስዊትዋተር፣ ቢግ ስፕሪንግ፣ ሚድላንድ፣ ኦዴሳ። ሁሉም በ1954 ቡድን ነበራቸው። ስዊትዋተር ጋ አሁን ከአድማስ አድማስ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ቆሟል። ሚድላንድ ጋ የነዳጅ ማውጫው ማሽን ራሱን ዝቅ ከፍ እያደረገ ይሠራል። እኛ አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና፣ በሰፊው አውራ ጎዳና እንኳን ደከመን። እነሱ ይህን የሚጓዙት በጠባቡ መንገድ፣ መስኮቱ በተከፈተ አውቶቡስ፣ ጨዋታ ተጫውተው ላባቸው ሳይደርቅ ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ባውማን ማደያውን ይከፍታል። ርቀቱን በዓይኔ እስካይ ድረስ 72 ቁጥር ብቻ ነበር።

ሮዝዌል ላይ ስታዲየሙን ከውጭ አየነው፤ የጨዋታ ወቅት አልነበረም። ሮዝዌል ኢንቬደርስ የሚባል ቡድን እዚያ ይጫወታል። ሊጉ ፔኮስ ሊግ ይባላል፤ ከይፋዊዎቹ ማይነር ሊጎች ሳይቀር ውጭ ነው። ደሞዙ ኪስ አይሞላም። ልጄ አጥሩን ይዞ እያየ «እነዚህ ልጆች ዋናው ሊግ ይገባሉ?» አለኝ። አብዛኞቹ አይገቡም አልኩት። «ያውቃሉ?» አለ። ያውቃሉ አልኩት። «ታዲያ ለምን ይጫወታሉ?» ብሎ ያዘኝ። ስለ ባውማን ልነግረው ጀመርኩ፤ ስለ ማደያው፣ ስለ ሽቦው አጥር፣ ስለ ዶላሩ። አዳመጠኝ፣ ግን መልሱን ከእኔ እንዳልፈለገው ገባኝ። በሚቀጥለው ሰመር ጨዋታ ባለበት ቀን እንመጣለን፤ ራሳቸውን ትጠይቃቸዋለህ ብዬዋለሁ።